«በደንብ ካልሠራሁት ይቅር»፦ ስለ ስፖርትና ፍጽምና ፈላጊነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍጽምና ፈላጊ ሰው ሰነፍ አይደለም። ጫማው ተገዝቷል፣ ፕሮግራሙ ስልኩ ላይ ተጭኗል፤ ሰውየው ግን «ሰኞ እጀምራለሁ» እንዳለ ወራት ያልፋሉ። ስፖርት ይህን ጠባይ ሊያላላው ይችላል፤ በዚያው ጠባይ ከተያዘ ግን ያባብሰዋል።

«በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም»

ቁጥሩ ከምርምር አልመጣም። አበበ ቢቂላ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ካሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ ቆጣሪ መሣሪያውን «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ብሎ ሸጠ፤ ስሙ ዓለምን አዳረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ትንሽም ቢሆን ከምንም እንደሚሻል ይገልጻል። «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» የሚለው የቀድሞው ምክርም ቀርቷል። ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል ማለት ነው።

«ጎበዝ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ ይሠራል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህኛው ይመስለኛል። ጠዋት እንጦጦ ጫካ የወጣ ሰው የሚያየው ሌላ ነው፦ ሯጮች በባሕር ዛፎቹ መሀል አንድ ረድፍ ሠርተው፣ የፊተኛው በመረጠው መንገድ እየተጠማዘዙ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ቀስ ብለው ይሮጣሉ። የዓለም ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮች አብዛኛው ልምምዳቸው እንዲህ ያለ ቀላል ሩጫ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ጫናውን ተቀብሎ ሲያገግም ስለሆነ፣ ቀላሉ ቀን ራሱ ልምምድ ነው።

ስፖርት ፍጽምና ፈላጊውን የሚያግዘውም እዚህ ላይ ነው። እግር የሚከብድበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን በቀስታ ሮጦ፣ ታጥቦ፣ ሥራ ይገባል፤ የፈረሰ ነገር የለም። ይህን በገዛ ሰውነቱ ደጋግሞ ያየ ሰው፣ ሥራውንም «አሁንስ በቂ ነው» ብሎ ማስረከብ ቀስ በቀስ ይቀለዋል።

«አንድ ቀን ከዘለልኩ ተበላሸ»

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። ልማዱ ለመጽናት የሚፈጅበት ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በስሌት ግምታቸው ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ግን ይህን ያህል አላደናቀፈም። ስለዚህ ያለፈውን ለማካካስ በማግስቱ እጥፍ መሥራት አያስፈልግም።

«ሰው ያየኛል»

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫን ይመልከቱ። ከኋላ ያለው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ሲደክመው እየተራመደ ነው የሚጨርሰው።

«ስፖርት ከጀመርኩ ጠባዩ በራሱ ይጠፋል»

አይጠፋም። ጉልበቱ እያመመው የሚሮጥ፣ በእረፍት ቀን ጥፋተኝነት የሚሰማው፣ ስልኩ ላይ ያለው ተከታታይ ቀን እንዳይቋረጥ ትኩሳት ይዞት የሚወጣ ሰው፣ ልማዱን ወደ ስፖርቱ ነው ያዛወረው። እንዲህ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ለሌሎቻችሁ፦ በሳምንት አንድ ቀን ሰዓቱንም ስልኩንም ቤት ትታችሁ ውጡ። ደግሞም የማትችሉትን ስፖርት ሞክሩ፤ ዋናም ይሁን ጠረጴዛ ቴኒስ፣ ከጀማሪዎች ጋር።