የስፖርት ሕክምናና የወንድ ስፖርተኞች የሰውነት ገጽታ በጎንደር

ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ የተደሰተው ሕዝብ ለዚህ ምስክር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለሩጫም ትመቻለች። ከሜዳው ሌላ ደግሞ ጂም አለ። አቅም ያለው በወር ከፍሎ ይሠራል፤ የሌለው ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በብረት ዘንግ አያይዞ ሰፈሩ ውስጥ ያነሳል።

የተጎዳ ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ ቤተሰብም ያምነዋል። አደጋው ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከልክ በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ በዚህ የተነሳ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ወጣቶች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴና በልምምድ የሚሰጥ የአካል ሕክምና ነው። በ1947 ዓ.ም በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። የፊዚዮቴራፒ ሥራ ማሸት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ተጫዋች ሕመሙ ሲቀንስ ዳንኩ ብሎ ሜዳ ይገባል። ጅማቱ ግን ገና ነው፤ እግሩም ሚዛን መጠበቁን ዘንግቷል። በአንድ እግር መቆም፣ ቀስ በቀስ መዝለልና አቅጣጫ መቀየር ካልተለማመደ ያው ቁርጭምጭሚት ደጋግሞ ይከዳዋል።

ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ግን ከጉልበትና ከቁርጭምጭሚት ሌላም ጉዳይ ይገባል። ወንዶች ስለ ሰውነታቸው የሚሰማቸውን አያወሩም። በጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ እየዘለለ የሚገባውን ወጣት ሁሉም ያየዋል። ሸሚዙን ማውለቅ አፍሮ ከኋላ የቆመውን ማንም ልብ አይለውም።

በእኛ ቤት «ከሳህ፣ ታመህ ነው እንዴ?» የእናት ጭንቀት ነው። ወፈር ማለት የድሎት ምልክት ነበር። ስልክ ላይ ያለው ምስል ደግሞ ሰፊ ትከሻና ሲክስ ፓክ ይጠይቃል። አሠልጣኝ ሯጩን ክብደት ቀንስ ይለዋል፤ ጂም የሚሠራው ጓደኛው ግዘፍ ይለዋል። ልጁ በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

እነ ሃሪሰን ፖፕ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በዝርዝር የገለጹት ችግር አለ። ሰውየው ፈርጣማ ሆኖ ሳለ መስታወት ላይ ቀጫጫ ሆኖ ይታየዋል። ጂም እንዳያመልጠው ለቅሶና ሰርግ ይቀራል፣ በሙቀት ሹራብ ይደርባል፣ እየታመመም ያነሳል። ይህ ችግር እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ ሰውነትን አዛብቶ የማየት ሕመም አንዱ ዓይነት ተብሎ ተመዝግቧል። ጉራ ወይም ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ በጣም ያስከፋኛል።

የሯጮቹ ችግር ሌላ ገጽ አለው። የሚበሉት ከሚያቃጥሉት ሲያንስ የወንዴ ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት ይዳከማል፣ ቁስልም ቶሎ አይድንም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ችግሩ የሴቶች ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ቅልጥም ላይ አንዲት ቦታ ስትነካ የሚያም፣ ሲሮጥ የሚብስ ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ሊታሽ አይገባም።

እዚህ ላይ ጾም ይነሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሙስሊም ስፖርተኞችም ረመዳን አላቸው። እኔ ጾሙን ጥፋተኛ አላደርግም። 100 ግራም የሽንብራ ዱቄት ወደ 20 ግራም ፕሮቲን አለው፤ ሽሮና ምስር ከጤፍ እንጀራ ጋር ጥሩ ምግብ ነው። የሚያሳስበው ጾሙ ሲፈታም የማይበላው ልጅ ነው። ምግብ መሸሹን ጾም ይሸፍንለታል፤ ቤተሰቡም ጨዋነቱን እያመሰገነ ያልፈዋል።

ጡንቻ ለማሳበጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ የሆርሞን መርፌና ክኒኖች ጂም የሚሠሩ ሰዎች ከሚጠጡት የፕሮቲን ዱቄት ጋር አንድ አይደሉም። ፕሮቲኑ ምግብ ነው፤ ምንም እንኳ ከየት እንደመጣ ማጣራት ቢያስፈልግም። ሆርሞኑ ግን የዘር ፍሬን ያሟሽሻል፣ መካንነት ያመጣል፣ የወንድ ጡት ያሳብጣል፣ ልብና ጉበት ይጎዳል። ወንድነትን ለማሳየት የተወሰደ መድኃኒት ሰውነት የራሱን የወንዴ ሆርሞን ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል። ለተወዳዳሪ ደግሞ ቅጣት አለው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያን በፀረ አበረታች ቅመሞች ሥራዋ አስቸኳይ ማሻሻያ ከሚያስፈልጋቸው 5 አገሮች ውስጥ ቆጥሯት ነበር።

ወጣቱ በራሱ ፈቃድ የአእምሮ ሐኪም ጋ የመሄዱ ነገር አጠራጣሪ ነው። ጉልበቱን ለማሳየት ግን ይመጣል፤ ሠላሳ ደቂቃ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ጋም ይለምዳል። ስለዚህ ወጌሻውም ሆነ ፊዚዮቴራፒስቱ እግሩን እየሠራ መጠየቅ ይችላል፦ ትናንት ምን በላህ? ከልምምድ ስታርፍ ምን ይሰማሃል? የምትወስደው ነገር አለ? ሰውነቱን አይቶ «ወፈርክ» ወይም «ከሳህ» ማለቱን ግን ቢተወው ይሻላል። መልሱ ካሳሰበው ወደ ሐኪም ይላከው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ስለሚሰጥ፣ ጎንደር ላለ ልጅ መንገዱ ሩቅ አይደለም።