«ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል»፦ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል መለዋወጫ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ዓመት አንድ ጎልማሳ ከአባቱ የወረሰውን ቬስፓ በጭነት መኪና አስጭኖ ወደ ጋራዣችን መጣ። ሦስት መካኒኮች በየተራ «የዚህ ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል» ብለው እንደመለሱት፣ የመጨረሻው እንዲያውም በኪሎ አስመዝኖ ለብረታ ብረት ገዢ እንዲሸጠው እንደመከረው ነገረኝ። ፈታተን ስናየው የሚያስፈልገው ጥቂት ዳዶ፣ የደረቁ ፓራዮሎች (ዘይት እንዳያፈስ በዘንግ ዙሪያ የሚቀመጡ የጎማ ቀለበቶች) ምትክ፣ አንድ የክራንክ ሻፍት ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) እና የፍሬን ገመድ ነበር። ከእነዚህ አንዱም ከገበያ አልጠፋም። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን አባባል የሰማሁበትን ጊዜ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ብዙ ጤነኛ ሞተሮች በእርሱ ምክንያት ምን አለሽ ተራ ገብተው ተቆራርጠው ቀርተዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው በየቀኑ የምሰማቸውን እንዲህ ያሉ አባባሎች ለማረም ነው።

የአባባሉ ሥር «ፋብሪካው ከተዘጋ መለዋወጫውም አብሮ ይቆማል» የሚለው እምነት ነው። እንደ ቬስፓ ያለውን ስኩተር ላምብሬታን ይሠራ የነበረው የሚላኑ ኢኖቼንቲ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ማሽኖቹ ግን ተነቅለው ወደ ሕንድ፣ ወደ ሉክኖው ተወሰዱና እዚያ ለብዙ ዓመታት ላምብሬታ ሲያመርቱ ኖሩ። እኛ የባለ ሦስት እግሩን ተሽከርካሪ ስም ያደረግነው ባጃጅም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከቬስፓ ሠሪው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓ ያመርት የነበረ ኩባንያ ነው። የእንግሊዙ ሞተር ሳይክል ሮያል ኢንፊልድ ቡሌትም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ሕንድ አገር ማድራስ ውስጥ ተሠርቷል። የአንድ ሞተር ዕቃ የትውልድ አገሩ ሲያቆም ሌላ አገር መሠራቱን ሊቀጥል ይችላል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ዕቃው መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ «የለም» መባሉ ነው። ጥፋቱ የባለ ሱቁ አይደለም፤ የጠያቂው ነው። አንድ ደንበኛ ሶማሌ ተራ ገብቶ «የድሮ ያማሃ የፊት ጎማ ኩሽኔታ አለ?» እያለ ሁለት ቀን ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። አሮጌውን ኩሽኔታ ተቀብዬ በቤንዚን አጥቤ ቀለበቱን ወደ ብርሃን ሳዞረው 6202 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ይህ ቁጥር ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ ማለት ነው፤ የያማሃም የሆንዳም የውኃ ፓምፕም ንብረት አይደለም። ያው ሰው ወደ መጀመሪያው ሱቅ ተመልሶ ቁጥሩን ብቻ ሲናገር ሻጩ ከኋላው አንሥቶ ሰጠው። ፓራዮልም እንዲሁ ነው፤ የዘንጉ፣ የመቀመጫውና የስፋቱ ልክ ብዙውን ጊዜ ጎማው ላይ ታትሞ ይገኛል። ሰንሰለትም 428 ወይም 520 ተብሎ ይጠየቃል እንጂ በሞተሩ ስም አይጠየቅም።

ይሁንና ቁጥሩን ያየ ሁሉ ልኩን አወቀ ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ትላልቅ ቬስፓዎች ክራንክ ሻፍት ላይ በፍሪሲዮን በኩል የሚቀመጠው ኩሽኔታ 25 በ62 በ12 ነው። የተለመደው 6305 ደግሞ 25 በ62 በ17 ነው። የውስጥና የውጭ ልካቸው ስለሚገጥም «ያው ነው» ብሎ የሚሸጥም የሚገዛም አለ፤ የ5 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት የሚታወቀው ሞተሩ ሲገጣጠም ሁለቱ ግማሾቹ አልዘጋ ሲሉ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ልክ በካሊፐር ይለካ፤ ሁለቱ ብቻ አይበቃም።

«ሊብሬው ላይ ቬስፓ 150 ይላል፤ ስለዚህ የ150 ዕቃ ስጠኝ።» ይህን አባባል ጠዋት ከሰማሁ ቀኑን ሙሉ ከሐሳቤ አይወጣም። 150 የሚለው ቁጥር ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ ይነግራል እንጂ የትኛው ቬስፓ እንደሆነ አይነግርም። ቪቢኤ፣ ቪቢቢ፣ ጂኤል፣ ስፕሪንት፣ ሱፐር፣ ፒኤክስ፣ ሁሉም በ150 ሲሲ ተሠርተዋል፤ ቪቢቢ ባለ 8 ኢንች ጎማ ሲሆን ስፕሪንትና ፒኤክስ ባለ 10 ኢንች ናቸው። ትክክለኛውን ማንነት የሚናገረው በብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው። አካሉ ላይ የሚገኘው ምልክት በቲ ያልቃል፤ «ቴላዮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣና አካሉን የሚያመለክት ነው። ሞተሩ ላይ የሚገኘው ደግሞ በኤም ያልቃል፤ ይህም «ሞቶሬ» ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቪቢቢ አካሉ ላይ ቪቢቢ1ቲ፣ ሞተሩ ላይ ቪቢቢ1ኤም የሚል ሊኖረው ይገባል። «ሊኖረው ይገባል» ያልኩት ሃምሳና ስድሳ ዓመት የኖረ ሞተር ብዙ እጅ ያለፈበት ስለሆነ ነው።

አንድ ደንበኛ አራተኛ ማርሽ አልገባ ብሎኛል በማለት የማርሽ ዕቃ ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ አስመጥቶ እንድገጥምለት ጠየቀኝ። አካሉ ቪቢቢ ነው፤ ቪቢቢ ደግሞ ባለ አራት ማርሽ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። የሞተሩን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ሳነብ ግን ቪቢኤ1ኤም ይላል። ቪቢኤ ሦስት ማርሽ ብቻ ያለው የቀድሞው ሞዴል ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረ ባለቤት ሞተሩን ለውጦት ኖሯል። አራተኛው ማርሽ አልተበላሸም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ያ ሁሉ ገንዘብ ሊድን ይችል የነበረው ብሩሽ ይዞ አምስት ደቂቃ በመንበርከክ ነበር። ለሞተሩ ዕቃ ሲታዘዝ በኤም የሚያልቀው፣ ለአካሉ ሲታዘዝ በቲ የሚያልቀው ጽሑፍ ይገልበጥ።

አሁን ከሁሉም አብልጬ ወደምጠላው አባባል ልምጣ፤ «ብሎን ብሎን ነው፤ ከጠፋ ከፍ ያለው ይገባል።» ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ከሞተሩ ጋር የሚይዙት ረጃጅም ብሎኖች በ150 ቬስፓ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ዳዶዎቻቸው በ11 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። 6 እና 8 ሚሊ ሜትር በየሱቁ ሲገኝ 7 እምብዛም አይታይም። ስለዚህ አንዱ ዳዶ ሲጠፋ ወይም ጥርሱ ሲላጭ የሚቸኩል መካኒክ ቀዳዳውን በትራፓኖ አስፍቶ 8 ያስገባል። የገዛ ረዳቴ ሳይቀር በመጀመሪያው ወር «ጋሼ፣ በ8 እንለውጠውና እንገላገል» ብሎኝ ያውቃል። አስቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፤ በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ትንሽ ከተዛነፈ ብሎኑ ዘንበል ብሎ ይቆማል፣ ቴስታታው እኩል አይጨመቅም፣ በዚያ በኩል ጭሱ ሾልኮ ይወጣል። ወፍራሙ ብሎን በሲሊንደሩና በቴስታታው ቀዳዳ እንዲያልፍ እነዚያም መስፋት ይኖርባቸዋል። በመጨረሻ ለአንድ ዳዶ ተብሎ ሦስት ዕቃ ይበላሻል፤ ከሦስቱ ደግሞ የሞተሩ አካል በቀላሉ አይገኝም።

ጥርሱ በእርግጥ ከተላጨ መፍትሔ አለው። የሞተሩ ጫፍ 8፣ የቴስታታው ጫፍ 7 የሆነ ደረጃ ያለው ብሎን ለዚሁ ተብሎ ይሠራል፤ ቀዳዳው ግን በቋሚ ማሽን ላይ ታስሮ ነው የሚሰፋው። እኔ አሮጌ ቬስፓ ለዕቃ ሲፈታ ባየሁ ቁጥር በመጀመሪያ የምለምነው እነዚህን 7 ሚሊ ሜትር ዳዶዎች ነው፤ በቆርቆሮ ውስጥ በዘይት ነክሬ አስቀምጣቸዋለሁ። በአሮጌ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ነገሩ የባሰ ነው። የዊትወርዝ ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ፣ የሚሊ ሜትሩ ብሎን ግን 60 ዲግሪ ስለሆነ ሁለት ዙር የገባ ብሎን ገጠመ ማለት አይደለም፤ በግድ ሲጠብቅ የሚበላው የሞተሩን ጥርስ ነው።

«ቶርኖ ቤት ሁሉንም ይሠራል።» የቶርኖ ባለሙያዎቻችን እጅ የሚደነቅ ነው፤ ቡሽ፣ መደገፊያ ቀለበት፣ ከላይ ያልኩት ደረጃ ያለው ብሎን ሁሉ በእነርሱ ይሠራል። የጎማ አክስልና የፍሬን ብሎን ግን ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ ብረት አይቆረጥም። ብሎን ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ሲኖር ብረቱ ስንት ኃይል እንደሚችል ተነግሯል፤ ከምን አለሽ ተራ የተገዛ ለስላሳ ዘንግ የሚነግረን ነገር የለም። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ብሎን ቁጥር ይኑረው።

«ፓኮው ያልተከፈተ የድሮ ኦሪጅናል ከአዲሱ ይበልጣል።» ለማርሽ፣ ለፒስተን፣ ለብረት ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለጎማና ለኮንደንሰር ግን አይደለም፤ እነርሱ በፓኮ ውስጥም ያረጃሉ። አርባ ዓመት የተቀመጠ ፓራዮል ከንፈሩ ደርቆ ዘንጉን አይነካም። በአዲስ አበባ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ ስለነበር የካርቡራተር ጎማዎች ከዚያ ዘመን በፊት የተሠሩ ከሆኑ አብጠው ሲበላሹ አይቻለሁ። እነዚህን በአዲስ ምርት መተካት ይሻላል።

«የሕንድ ዕቃ ሁሉ አይረባም» የሚለውም በጅምላ የተነገረ ነው። ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አስገብቶ የጫፎቹን ክፍተት መለካት ከየት መጣ ብሎ ከመከራከር ይበልጣል።

«የመስቀል ካቻቪቴ አንድ ዓይነት ነው።» አይደለም፤ የአሮጌ ሆንዳና ያማሃ ብሎኖች ራስ የጃፓን ልክ ስለሆነ ተራው ካቻቪቴ ተንሸራትቶ ይፍቀዋል።

«ረጅሙ ካንዴላ የተሻለ ያቃጥላል።» ኤንጂኬ በተባለው ካንዴላ ቁጥር ውስጥ ኤች የሚለው የጥርሱ ርዝመት 12.7፣ ኢ የሚለው 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል። አጭሩን በሚፈልግ ቴስታታ ውስጥ ረጅሙ ሲገባ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጫፉ የታተመበት ፒስተን ጋራዥ ውስጥ አለኝ።

«ጣሊያን ዘመድ ያለው አይቸገርም።» ዘመዱ ምን እንደሚጠይቅ ካልተነገረው ያው ነው፤ «የቬስፓ ኩሽኔታ» ተብሎ በስልክ ታዝዞ የሌላ ሞዴል ዕቃ በሻንጣ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መግቢያው ላይ ያነሣሁት የቬስፓ ወራሽ ጎልማሳ እኅቱ ሚላን ስለምትኖር በአንድ ወረቀት ላይ የአካሉንና የሞተሩን ጽሑፍ፣ የኩሽኔታውን ሦስት ልክ፣ የፓራዮሎቹን ቁጥርና የ7 ሚሊ ሜትር ዳዶዎቹን ብዛት ጽፈን፣ አሮጌዎቹን ዕቃዎች ከማስመሪያ አጠገብ አስቀምጠን ፎቶ አነሣንና ላክንላት። በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም በአንዲት ትንሽ ከረጢት መጣ። ኩሽኔታውን ገና ከማሸጊያው ሳላወጣው ስፋቱን ለካሁ፤ 12 ነበር። የፍሬን ገመዱን ግን ርዝመቱን በሲባጎ ለክተን እዚሁ ሶማሌ ተራ ገዛነው።