ሰው ሠራሽና ተፈጥሯዊ የወፍ ጎጆዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተመራማሪዎች የወፍ ጎጆዎች ምን ያህሉ በአዳኞች እንደሚጠቁ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ጎጆ አስመስለው የሠሩትን ነገር ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት ሦስት የድርጭት እንቁላል ይጨምሩበትና ከቀናት በኋላ ተመልሰው ያዩታል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ውጤቱን ግን ብዙዎች በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል።

«ለአዳኝ ጎጆ ያው ጎጆ ነው።»
እውነታው፦ ሰው ሠራሹ ጎጆ ወላጅ የለውም። እናቲቱ እንቁላሉን ታቅፋ ከዕይታ ትሰውራለች፣ አንዳንዴም አዳኙን ታባርራለች፤ በሌላ በኩል መመላለሷ ጎጆውን ያጋልጣል። ስለዚህ ሰው ሠራሹ ጎጆ አንዳንድ ቦታ ከተፈጥሯዊው የበለጠ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ያነሰ ይጠቃል፤ ልዩነቱን በአንድ ቋሚ ቁጥር አባዝቶ ማረም አይቻልም።

«ሁለቱንም የሚያጠቁት እነዚያው አዳኞች ናቸው።»
እውነታው፦ የድርጭት እንቁላል ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የብዙ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች እንቁላል 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሽ አይጥ የድርጭቱን እንቁላል ልትነክስ ስትሞክር አፏ አይበቃውም፤ እንቁላሉ ከጥርሷ ይንሸራተታል። በምትኩ የጥርስ ምልክት የሚይዝ የፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ጭቃ መሰል ለስላሳ ነገር) እንቁላል ሲቀመጥ ደግሞ ሽታው ራሱ አይጦችን ይስባል። እባቦች እንቅስቃሴ ወደሌለበት ጎጆ እምብዛም አይመጡም፤ በዓይናቸው የሚያድኑት ቁራዎችና ዘመዶቻቸው ግን በቀላሉ ያገኙታል።

«መጠኑ ቢለያይም በጊዜ ሂደት ያለውን ለውጥ በትክክል ያሳያል።»
እውነታው፦ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የጥበቃ ውሳኔዎች የሚመሠረቱት በለውጡ አቅጣጫ ላይ ነው። ተፈጥሯዊው ጎጆ እንቁላል ከመጣል ወደ መታቀፍ፣ ከዚያም ጫጩት ወደ መመገብ ሲሸጋገር የወላጆቹ ምልልስ እየጨመረ፣ የአደጋው ዓይነትም እየተለወጠ ይሄዳል፤ ሰው ሠራሹ ግን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ቀን ያው ነው። ከዓመት ወደ ዓመትም ቁራዎች ቀንሰው እባቦች ቢበዙ፣ ሰው ሠራሹ ጎጆ መሻሻልን ሲያሳይ እውነተኞቹ ጎጆዎች እየባሰባቸው ሊሄድ ይችላል። ሁለቱን ዓይነቶች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሥፍራና በተመሳሳይ ከፍታ ለበርካታ ዓመታት ጎን ለጎን ሳይከታተሉ ይህን መለየት አይቻልም።

«የተረፉትን በመቶኛ ማወዳደር በቂ ነው።»
እውነታው፦ በየቀኑ የመትረፍ ዕድላቸው እኩል 96 በመቶ የሆነ ሁለት ጎጆዎችን እንውሰድ። ለ12 ቀናት የተቀመጠው ሰው ሠራሽ ጎጆ እስከ መጨረሻው የመቆየት ዕድሉ 61 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ጫጩቶቹን ለማብረር 25 ቀናት የሚያስፈልገው ተፈጥሯዊ ጎጆ ዕድሉ 36 በመቶ ብቻ ነው፤ አደጋው አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ሌላ ይመስላል። በዚያ ላይ ገና በጅምሩ የጠፉ ተፈጥሯዊ ጎጆዎች ሳይገኙ ስለሚቀሩ፣ የተገኙት ብቻ ሲቆጠሩ ስኬቱ ይጋነናል። የወፍ ተመራማሪው ሃሮልድ ሜይፊልድ እ.ኤ.አ. በ1961 ስሌቱ ጎጆው በክትትል ሥር በቆየባቸው ቀናት ላይ እንዲመሠረት ሐሳብ ያቀረበው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ሰው ሠራሽ ጎጆ ከንቱ ነው።»
እውነታው፦ ጥያቄው ጠባብ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቅጠል ሽፋን ከቁራዎች ዕይታ ምን ያህል እንደሚከልል ለመፈተን፣ አጥቂውን የሚለይ ካሜራ እስከተተከለ ድረስ ጠቃሚ መሣሪያ ነው።