ስለ ደሴ ጎርፍ የምንለውና እውነታው

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ወሬው ወደ ጎርፍ ይዞራል። ደሴ ላይ ስለ ጎርፍ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ከምሰማቸው ውስጥ ልክ ያልሆኑት እነዚህ ናቸው።

«ቦዩ ጠቦ ነው፤ ቢሰፋ ጎርፍ አይኖርም»

ጠባብ ቦይ አለ፣ አልክድም። ግን ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ነው የተዘረጋችው። ከጦሳ የሚወርደው ውሃ ብቻውን አይመጣም፤ አፈር፣ ጠጠር፣ አንዳንዴም የሰው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ይዞ ነው። ቦታው ደልደል ሲል ፍጥነቱ ይቀንስና ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። ሰኔ ላይ የተጠረገ ቦይ ነሐሴ ሳያልቅ የሚደፈነው ለዚህ ነው። እኛም ፌስታልና ሃይላንድ እንጨምርበታለን። ቱቦ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፦ እስከ ግማሹ ደለል ከያዘው የሚያሳልፈው ውሃ ከሲሶው ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የቀረው በማንሆሉ አፍ ገንፍሎ አስፋልት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፦ እርከን፣ የውሃውን ፍጥነት የሚገታ ክትር፣ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ካብ (ጋቢዮን)።

«ጦሳ ዛፍ ለብሷል፤ ዛፍ ካለ ጎርፍ የለም»

እስቲ ባሕር ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሣር ብዙም የለም፤ የረገፈውን ቅጠል ደግሞ ለማገዶ ጠርገን ወስደነዋል። ጠብታው የሚያርፈው ባዶ መሬት ላይ ነው። አፈር የሚይዘው መሬቱን የሸፈነው ሣር፣ ቁጥቋጦና ቅጠል ነው።

«ዝናቡ በዛ እንጂ እኛ ምን አደረግን?»

አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር፣ ማለትም 150 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ድሮ ጓሮና ሣር ከዚህ የድርሻውን ይጠጣ ነበር፤ ዛሬ ቆርቆሮው ለአሸንዳ፣ አሸንዳው ለኮብልስቶን ያቀብለዋል። የጎረቤቴ አሸንዳ በቀጥታ መንገድ ላይ ነው የሚተፋው። ብነግረው፣ «አብሽር፣ ወደ ታች ነው የሚሄደው» አለኝ። ታች ማለት የእኔ በር ነው።

ሮቶ መትከል ጥሩ ነው፤ ግን ሞልቶ የተቀመጠ ሮቶ ለቀጣዩ ዝናብ ምንም አይፈይድም። ውሃውን ለልብስ፣ ለጽዳት እየተጠቀሙ ቦታ ማስለቀቅ ያስፈልጋል።

«እንግዲያው ውሃውን ሁሉ መሬት ውስጥ እናስርገው»

ለሜዳማ ከተማ የሚመከር ነገር ነው። ደሴ ላይ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል፤ ተዳፋቱ በመሬት መንሸራተት ይታወቃል። ከቤት በላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማጠራቀም ከሥር ያለውን የሸክላ አፈር ያከብደዋል፣ ያላላዋልም። ግድግዳ አዲስ ስንጥቅ ሲያወጣ፣ በር አልገጥም ሲል፣ የመብራት እንጨት ሲያዘም መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ውሃውን ውሃ በማያሰርግ ባለደረጃ ቦይ፣ ጉልበቱን እያበረዱ ማውረድ ይሻላል። ማስረጉ ለደልዳላው ይቆይ።

«ስንዝር ለማይሞላ ውሃ ማን ይፈራል?»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ፈጥኖ የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። ክዳኑ የተነሳ ማንሆልም በድፍርሱ ውስጥ አይታይም።

«ቦርከና ከገባልን ተገላገልን»

እኛ እንገላገል ይሆናል። ቦርከና ወንዝ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ካላት ደሴ ተነስቶ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወረወራል፤ ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ በመጨረሻም ወደ አዋሽ። የደሴን ውሃ በሲሚንቶ ቦይ ባፋጠንነው ቁጥር ኮምቦልቻ የሚደርሰው ባንዴ ተጠራቅሞ ነው። እዚያ ጠብ ሳይል ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥብ ሰው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃው ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ፣ ልብሱን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ከፍታው መውጣት አለበት።