የቫይረስ ተቀባይ ምንድን ነው? ሜርስ ግመልን ይዞ አይጥን የሚተወው ለምንድን ነው?

ሜርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ሲታወቅ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ለተለመደችው የቤተ ሙከራ አይጥ ሰጧት። አልያዛትም። ከታወቁት ሕሙማን ከመቶ 35 ያህሉን የገደለው ይህ ኮሮናቫይረስ አይጥን ሳይችላት ቀረ።

አይጧ ከእኛ ጠንክራ አይደለም። ቫይረስ ወደ ሕዋስ ለመግባት ከሕዋሱ ገጽ ላይ የሚጨብጠው ነገር ያስፈልገዋል፤ ያ የሚጨበጠው ሞለኪውል «ተቀባይ» ይባላል። ስሙ ግን ያሳስታል፤ ሰውነት ለቫይረስ ብሎ ያበጀው አይደለምና። የሜርስ ተቀባይ ዲፒፒ4 የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከሥራዎቹ አንዱ ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚያነሣሡ ሆርሞኖችን መቁረጥ ነው። ሲታግሊፕቲን የተባለው የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ የሚይዘው ሌላውን ጎኑን ስለሆነ ግን መድኃኒቱ ከሜርስ አያድንም።

አይጥም ዲፒፒ4 አላት። ሆኖም ቫይረሱ በሚያርፍበት ቦታ የበቀለች የስኳር ሰንሰለት መንገዱን ትዘጋበታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች የአይጧን ዘረመል አርመው፣ ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው ከ700 ከሚበልጡ ቅንጣቶች (አሚኖ አሲዶች) በ288ኛውና በ330ኛው ቦታ ያሉትን ሁለቱን ብቻ በሰው ዓይነት ተኩ። ቫይረሱ ገብቶ ተራባ። በሞትና በደኅንነት መካከል ያለው ግንብ ይህን ያህል ስስ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

የተቀባዩ ቅርጽ መግጠሙ ብቻም አይበቃም፤ የት እንዳለም ይወስናል። የበግ ዲፒፒ4 ቫይረሱን መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን በአፍንጫዋ ውስጥ እምብዛም ስለማይገኝ በሽታው አይጸናባትም። በግመል አፍንጫ ውስጥ ግን ሞልቷል፤ ስለዚህ ግመል እንደ ጉንፋን ንፍጥ ብቻ ይዞት ቫይረሱን በብዛት ይረጫል። በሰው ላይ ተቀባዩ በአብዛኛው ከሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገኛል፤ በሽታው የሚከፋብንም፣ ከሰው ወደ ሰው እንደ ልቡ የማይዛመተውም ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደማቸው ከተመረመረ ግመሎች በአብዛኞቹ የሜርስ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ቫይረሱ ቀድሞ እንደያዛቸው የሚያሳይ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ ተገኝቷል። ቫይረሱን ይበልጥ የሚረጩት ግልገሎቹ ናቸው። በአፋርም ሆነ በዓረብ አገር ግመል የሚጠብቅ ወገናችን፣ ንፍጡ የሚወርድ ግልገል ከነካ በኋላ እጁን ሳይታጠብ ወደ ፊቱ ባይወስድ፣ ወተቱንም አፍልቶ ቢጠጣ እመኛለሁ።