ቀለህ (ከተተኮሰ ጥይት የሚቀረው ባዶ ቀፎ) ተገኘ ማለት ገዳዩ ታወቀ ማለት ነው እንዴ?

ጎጃም ውስጥ፣ ሞጣም በለው ቡሬ፣ ሰው በጥይት ተመታ በተባለ ቁጥር "ቀለሁ ተገኝቷል፣ በቃ አለቀለት" ይባላል፣ ግን እንደዛ አይደለም። ክላሽ ሲተኮስ መርፌው የጥይቱን ቂጥ ይመታል፣ ቀለሁም ተስፈንጥሮ ሲወጣ ይጫራል፣ እርሳሱ፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ፣ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ እየተሽከረከረ ሲያልፍ ጭረት ይዞ ይወጣል። የፎረንሲክ (የወንጀል ማስረጃ ምርመራ) ባለሙያው የተያዘውን መሳሪያ ራሱ ይተኩስና አዲሱን ቀለህ ከወንጀሉ ቦታ ከተነሳው ጋር ጎን ለጎን በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ተመሳሰለ ቢል እንኳን ከዚህ መሳሪያ ወጣ ማለቱ ነው እንጂ ማን ተኮሰው የሚለውን አይነግርህም፣ መሳሪያ ይዋሳል ይሰረቃል ይሸጣል፣ ለሰርግ የተተኮሰ ቀለህም ሜዳ ላይ ወራት ሊተኛ ይችላል። የጥይቱ ውፍረት በሚሊሜትር "7.62 ነው" መባሉማ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ስንት ክላሽ ነው እሱን የሚጎርሰው!

ማመሳሰሉም ቢሆን በባለሙያው ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ተችቶታል። ስለዚህ ምስክር፣ የስልክ ጥሪ፣ የመሳሪያው ሲሪያል ቁጥር፣ እነዚህ አብረው ይፈለጋሉ። አንተ ግን ቀለህ ካየህ አታንሳው፣ ልጆችም እንዳይለቅሙት አድርግና ለፖሊስ ደውል፣ የወደቀበት ቦታ ራሱ ተኳሹ የት አካባቢ እንደቆመ ሊጠቁም ይችላል።