ሆኖራሪየም ምንድን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሙያ ማህበር በዓመታዊ ጉባኤው ላይ የግማሽ ቀን ስልጠና እንድሰጥ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ሦስት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ተዘጋጀሁ። በዕለቱ ጠዋት መመዝገቢያው ጋ ስደርስ ልጅቷ ስሜን በጣቷ እየተከተለች ፈለገችና "የእርስዎ የመመዝገቢያ ክፍያ አልገባም" አለችኝ።

"እኔ እኮ ዛሬ አስተማሪ ነኝ።"

"አዎ፣ እሱም ተጽፏል። ክፍያው ግን አልገባም።"

ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ከፈልኩ። ራሴ ወደማስተምርበት ክፍል ከፍዬ ገባሁ ማለት ነው። ሲያልቅ የምስክር ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠኝ፣ ተጨበጨበልኝ፣ ፎቶ ተነሳን። እዚያ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን አስቀድሞ ያሰበበት ሰውም አልነበረም።

ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አንድ ቃል አለ፤ ሆኖራሪየም ይባላል። አንዳንዱ የምስጋና ክፍያ ይለዋል፣ ሌላው ማበረታቻ። ብዙ ቦታ ደግሞ ሁሉንም ጠቅልለው "አበል" ብለው ያልፉታል። ሲብራራ እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው በፈቃዱ ለሰጠው አገልግሎት፣ ዋጋ ሳይደራደር፣ ተቀባዩ ወገን ለድካሙ እውቅና ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ደሞዝ አይደለም፤ ቅጥር የለምና። ጉርሻም አይደለም፤ ጉርሻ ሰጪው ደስ ሲለው የሚሰጠው ነው፣ ሆኖራሪየም ግን አስቀድሞ ተወስኖ የሚነገር ነው። መሆን ያለበት እንደዚያ ነው ለማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚምታታው ከወጪ መተኪያ ጋር ነው። አስተማሪው ለአውቶቡስ፣ ለአልጋ፣ ለፎቶኮፒ ያወጣውን ገንዘብ በደረሰኝ ስትመልስለት ምንም አልከፈልከውም። የራሱን ገንዘብ ነው የመለስክለት። "ትራንስፖርትና አልጋ ሸፍነንለታል" እያሉ እንደ ውለታ የሚያወሩ አዘጋጆች አሉ። ሰውየው እኮ ለሽርሽር አልመጣም።

ቃሉ ከላቲን ነው፤ ሥሩ ክብር ማለት ነው። በጥንታዊቷ ሮም ለሌላ ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ መሟገት የክብር ሥራ ስለነበር ገንዘብ መቀበል እንደ ነውር ይታይ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 የወጣ ሕግ ጠበቃ ለሙግቱ ስጦታም ገንዘብም እንዳይቀበል ከለከለ። ገንዘቡ ግን አልቆመም፤ በጓሮ በር መሄዱን ቀጠለ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ47፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ ክፍያውን ፈቀደና ጣሪያ አበጀለት፤ 10,000 ሴስተርቲየስ (ያኔ የሮማውያን ገንዘብ)። በእንግሊዝ ችሎት የሚሟገቱ ጠበቆችም ለረጅም ዘመን ክፍያቸው የክብር ስጦታ ነው ይባል ስለነበር ደንበኛው ቢክዳቸው መክሰስ አይችሉም ነበር። ይህን አሮጌ ደንብ ሕግ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ተሸክሞ ይዞራል። አንደኛው አክብሮት ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ስለተከበርክ አትጠይቅ" የሚለው ነው። የዛሬዎቹ የጉባኤ አስተማሪዎች የተያዙት በዚህ በሁለተኛው ነው።

እስቲ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ብየዳ ታስተምራለች እንበል። የተመደበላት ሦስት ሰዓት ነው። ተሳታፊው የሚያየው ሦስቱን ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን ብረት ገዝታለች። አንዱን ብረት በትክክል፣ ሌላውን ሆን ብላ አበላሽታ በይዳለች፤ ጥፋት ካልታየ ትምህርት የለምና። እያንዳንዱን መሃል ለመሃል ቆርጣዋለች። የተቆረጠውን ፊት በሻካራ፣ ከዚያ በለስላሳ ወረቀት ፈግፍጋ እንደ መስታወት አድርጋዋለች። አሲድ ቀብታ ብየዳው ወደ ብረቱ ምን ያህል እንደዘለቀ በዓይን እንዲለይ አድርጋለች። በየቁራጩ ላይ ቁጥር ለጥፋለች። ሃያ አምስት ቁራጭ ብረት በካርቶን ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ይታያችሁ። ለጉዞው የትርፍ ጭነት ትከፍላለች። ሁለት ቀን ወርክሾፗ ዝግ ነው፤ የተዘጋበትን ማንም አይመልስላትም።

አሁን ሦስት ሰዓት ነው የሠራችው እንበል?

የሂሳብ ባለሙያዎች ይህን ከብዙዎቻችን በተሻለ ተረድተውታል። በአሜሪካ የተመሰከረላቸው የሂሳብ ባለሙያዎች በየጊዜው የተወሰነ ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ አለባቸው። ከመካከላቸው የሚያስተምር ሰው ደግሞ ያስተማረበት ሰዓት ይያዝለታል፤ በዚያ ላይ ለዝግጅቱ እስከ ሁለት እጥፍ ይጨመርለታል። ሦስት ሰዓት ያስተማረ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆጠርለት ይችላል ማለት ነው። ያንኑ ትምህርት ይዘቱን ሳይቀይር ደግሞ ቢያስተምር ግን አይቆጠርለትም። ይህ የገንዘብ ደንብ አይደለም። ግን ድካምን እንዴት መቁጠር እንደሚቻል ያሳያል፤ የመጀመሪያው ጊዜ ከባድ ነው፣ ድግግሞሹ ቀላል ነው። እኔ የክፍያ ሠንጠረዥ ባወጣ ከዚህ ነበር የምጀምረው።

የማህበራቱም ወገን ሲሰማ መልስ አለው። አስተማሪው ራሱ አባል ነው። ለሙያው ብሎ ነው የመጣው። ስሙ ይታወቃል፣ ደንበኛም ያገኛል። ማህበሩ ደግሞ ለትርፍ አልቆመም። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። ትንሽ ማህበር ሆኖ ሁሉም ሰው፣ ሊቀመንበሩም ጭምር፣ በነጻ የሚሠራበት ከሆነ እኔም በነጻ አስተምራለሁ፤ ቅር አይለኝም።

ችግሩ ከዚያ አልፎ ሲሄድ ነው። ትልቅ ጉባኤ ገቢ አለው፤ ከመመዝገቢያ፣ ዕቃቸውን ከሚያሳዩ ድርጅቶች፣ ከስፖንሰር። ወጪም አለው። አዳራሹ ይከፈልበታል። ሻይ ቡናው ይከፈልበታል። ማይክራፎኑን የሚያስተካክለው ልጅ ይከፈለዋል፣ ሊከፈለውም ይገባል። በዚያው ማይክራፎን ሦስት ሰዓት የምታስተምረዋ ግን "የሙያ ፍቅር" ነው የሚባልላት። ሰው ከፍሎ የሚመጣው ደግሞ ለአዳራሹ ብሎ አይደለም።

ይባስ ብሎ የመክፈቻ ንግግር የሚያደርግ ታዋቂ ሰው ከውጭ ይጋበዛል። አርባ ደቂቃ ይናገራል፣ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ቀን ሙሉ ያስተማሩት አባላት ኩባያ ይደርሳቸዋል። ብዙ አስተማሪ የሚያኮርፈው ክፍያ በማጣቱ ሳይሆን ይህን ሲያይ ነው። "በጀት የለም" የሚለው ቃል እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው። በጀትማ አለ።

ሌላም መዘዝ አለው፤ ብዙ አይወራም እንጂ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። አስተማሪ ካልተከፈለው ማስተማር የሚችለው ማን ነው? ሌላ ሰው የሚከፍልለት። ማለትም የማሽን አምራች ወይም አከፋፋይ ተቀጣሪ። እሱ ደሞዙ አይቋረጥም፣ ጉዞው በድርጅቱ ነው፣ ናሙናውም በነጻ ነው። ስለዚህ እጁን ቀድሞ ያወጣል። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልካድም። ግን ቀስ በቀስ ትምህርቱ የዕቃ ማስተዋወቂያ ይሆናል። ወርክሾፗን ዘግታ የምትመጣዋ ገለልተኛ ባለሙያ በሦስተኛው ዓመት "ዘንድሮ አይመቸኝም" ትላለች። ተሳታፊውም የትኛው መሣሪያ ለሥራው እንደሚሻል ሊማር ገብቶ የአንዱን ድርጅት ካታሎግ ሲያገላብጥ ይውላል።

እና ምን ይደረግ? ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ መከራከር ያለብን አይመስለኝም። መጀመሪያ ማንም አስተማሪ ከኪሱ አውጥቶ አይመለስ። ጉዞ፣ አልጋ፣ ማስተማሪያ ዕቃ፣ መመዝገቢያ። መመዝገቢያው ላይ አንድ ነገር ልበል። ነጻ መመዝገቢያ እንደ ክፍያ ሲቆጠር እሰማለሁ። ራሱን ችሎ ቢመጣ ኖሮ ይከፍል ለነበረና ከክፍሉ ውጭ ያለውን ጊዜ ሌሎች ትምህርቶች ለሚከታተል ሰው በእርግጥ ዋጋ አለው። ለአንዲት ከሰዓት መጥቶ አስተምሮ ለሚመለስ ሰው ግን የሥራ ቦታው በር እንዲከፈትለት ማድረግ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሆኖራሪየሙ የሚመጣው። መጠኑ ከማህበር ማህበር ይለያያል፤ ደንቡ ግን ለሁሉም አንድ ቢሆን ይሻላል። ለአንድ የማስተማሪያ ሰዓት ይህን ያህል፣ በእጅ እየሠሩ ለሚያስተምሩበት ክፍል ይህን ያህል፣ ለአዲስ ትምህርት ይህን ያህል ጭማሪ። ሠንጠረዡ ይጻፍና አባላት ሁሉ ይዩት። በጓዳ የሚወሰን ክፍያ፣ ብዙም ቢሆን፣ ሐሜት ነው የሚያተርፈው። ለአንዳንዱ ትምህርት ለብቻው የሚከፈልበት ጉባኤም አለ፤ እዚያ ከገቢው ድርሻ መስጠት ከሁሉ ይቀላል።

አዘጋጆች የሚስቱት አንድ ነገር ደግሞ አለ። "ክፍያ ይፈልጋሉ ወይስ በነጻ ያስተምራሉ?" ብለው ይጠይቃሉ። ይሉኝታ ባለበት ይህ ጥያቄ አይደለም። "ኧረ ምን ክፍያ ያስፈልጋል" የሚል መልስ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ራሱን ይረግማል። የሚሻለው ክፍያው ለሁሉም በደብዳቤው ላይ ተጽፎ መላክ ነው። መተው የፈለገ ሰው ራሱ ይተወው፣ ወይም ለተማሪዎች መርጃ ይዋልልኝ ይበል። እንደዚያ ሲሆን ስጦታው የእሱ ይሆናል። ማህበሩ ዝም ብሎ ያስቀረበት ገንዘብ ግን ስጦታ አይባልም።

ስለ ሕግና ግብር በአጭሩ። በብዙ አገር ሆኖራሪየም ገቢ ነው፤ ግብር ይመለከተዋል። በደረሰኝ የተመለሰ ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገቢ አይባልም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ድምር ጠቅልሎ መስጠት አስተማሪውን ይጎዳዋል፤ በራሱ የታክሲ ገንዘብ ላይ ግብር ሊከፍል ይችላል። ክፍያ የበጎ ፈቃደኝነትን ሕጋዊ ስም ሊቀይር የሚችልበት ጊዜም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች በነጻ የሚያገለግሉ ሰዎችን ከግል ተጠያቂነት የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ ተገቢ ወጪ ቢመለስለትም ሰውየውን በጎ ፈቃደኛ ነው ይለዋል። በክፍያ ፈንታ የሚሰጠው ነገር በዓመት ከ500 ዶላር ካለፈ ግን ከዚያ ጥበቃ ይወጣል። የሙያ ማህበር ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ላይወድቅ ይችላል። ግን እሳት እያሳየ ብየዳ ለሚያስተምር ሰው ማህበሩ የመድን ሽፋን አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ከገንዘቡ እኩል መነሳት አለበት። ተቀጣሪ የሆነ አስተማሪም እንዲህ ያለ ክፍያ መቀበል ይፈቀድለት እንደሆነ አለቃውን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ቀረጻውም አለ። ትምህርቱ በቪዲዮ ይቀረጻል። ከጉባኤው በኋላ ማህበሩ ለዓመታት ይሸጠዋል። የአንድ ቀን ሆኖራሪየም የአንድ ቀን ነው። ቀረጻው የሚሸጥ ከሆነ ለብቻው ስምምነት ያስፈልገዋል፤ ስላይዱና ጽሑፉ የማን እንደሆነም ጭምር።

ያ የጠራኝ ማህበር በቀጣዩ ዓመት እንደገና ጻፈልኝ። በዚህኛው ዙር ይሉኝታዬን ዋጥ አደረግኩና ሦስት ጥያቄ መለስኩላቸው፤ መመዝገቢያውን ማን ይከፍላል፣ ጉዞዬ ይሸፈናል ወይ፣ ሆኖራሪየም አላችሁ ወይ። ኢሜይሉን ከመላኬ በፊት አራቴ አነበብኩት። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። መመዝገቢያው ነጻ፣ ጉዞው በደረሰኝ፣ ሆኖራሪየም ግን "ዘንድሮ አልታሰበበትም፣ ለከርሞ በጀት ላይ እናነሳዋለን" የሚል። ሄድኩ። መመዝገቢያው ጋ ያችው ልጅ ነበረች። ስሜን ፈለገች፣ አገኘችው፣ ቀና ብላ ሳቀች። "ዘንድሮ ገብቷል" አለችኝ።